የቦሌ ጎዳና፤ ለእንግዳ የተጻፈ ድርሰት

በአገራችን ትችት የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚውለው በመጽሐፍ፥ በቴአትርና በሥዕል ላይ ነው። አንድ ልብ ወለድ ታትሞ በወጣ ጊዜ ታሪኩ እንዴት እንደ ተያያዘ፥ ባለታሪኮቹ ሕያዋን መሆን አለመሆናቸውን፥ ቋንቋው ለዛ ያለው መሆኑን መርምረን ደራሲውን እናመሰግናለን፤ ወይም እንነቅፋለን። መንገድ ሲሠራ ግን ርዝመቱንና ወጪውን ሰምተን፥ በተመረቀም ዕለት አጨብጭበን እናልፋለን። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ያልወደደ ሰው አጥፎ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ጎዳናን ግን ወደደም ጠላም በየቀኑ ሲሄድና ሲመለስ ሊያነበው ግድ ነው። ስለዚህ ትችት የሚገባው ሥራ ቢኖር፥ ከመጽሐፍም ይልቅ ጎዳና ይመስለኛል።

ለዚህ ሐተታ የመረጥሁት ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚዘረጋውን፥ ርዝመቱ ከአራት ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን ጎዳና ነው። ይህ ጎዳና ሁለት ስም አለው። በካርታ ላይ የተጻፈው «የአፍሪካ ጎዳና» የሚል ሲሆን በሕዝብ አፍ የሚጠራው ግን «ቦሌ መንገድ» ተብሎ ነው። የታክሲ ነጂን «ወደ አፍሪካ ጎዳና ውሰደኝ» ቢሉት ቆም ብሎ መልሶ ይጠይቃል፤ «ቦሌ» ያሉት እንደሆነ ግን ዋጋውን ወዲያው ይነግራል። አንድ ድርሰት ደራሲው ካወጣለት ርእስ በቀር አንባብያን በሌላ ስም ከጠሩት፥ በደራሲውና በአንባቢው መካከል ያልተስማማ ነገር መኖሩን ያስረዳል።

የተወለደበትን ምክንያት ሳይመለከቱ የጎዳናውን ጠባይ መረዳት አይቻልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የዋና ከተማው አውሮፕላን ማረፊያ በልደታ በኩል ነበር፤ ያ አካባቢ ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ መጠራቱ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። የጄት አውሮፕላን ዘመን በመጣ ጊዜ ግን ያ ሜዳ አልበቃ አለ። በ1950ዎቹ ዓመታት በከተማው ዳር፥ በቦሌ ሜዳ ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዱ በቦይንግ ጄት ማመላለስ ጀመረ። በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። የቦሌን ጎዳና ጠባይ የወሰኑት እነዚህ ሁለቱ፥ ማለት ጄቱና ጉባኤው ናቸው።

የአዲስ አበባ አሮጌ መንገዶች አመጣጥ ከዚህ የተለየ ነው። ከተማው የተቆረቆረው በየመኳንንቱ ሰፈር፥ በየቤተ ክርስቲያኑና በገበያው ዙሪያ ስለ ነበር፥ መጀመሪያ ሰው ሄደ፤ ቀጥሎ በቅሎና አህያ ተከተለ፤ መንገዱ የተጠረገው እግር መስመሩን ከቀደደለት በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ የአራዳ አካባቢ መንገዶች ጠመዝማዛ፥ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው፤ ሆኖም ሰውን የሚያደርሱት ወደሚፈልገው ስፍራ ነው። የቦሌ ጎዳና ግን ከእግር በፊት ጎማ የረገጠው ነው። ከአውሮፕላን የወረደው እንግዳ ወደ ከተማው መካከል ሳይጉላላ እንዲደርስና በመንገዱም ላይ የሚያየው ሁሉ ደስ እንዲያሰኘው የታሰበ ነበር። ግራና ቀኙን ቪላ ቤቶች ከነአትክልታቸው ያዙት፤ እነርሱም ፊታቸውን በግንብ አጥር ሸፍነው ለመኪና በር ብቻ ከፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ለእንግዳ መንገድ ማሳመር ነውር ነው ማለቴ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ቤቱን መጥረግ፥ ቄጠማ መጎዝጎዝ፥ የተሻለውን መቀመጫ መልቀቅ ከአባቶቻችን የወረስነው ወግ ነው። ነገር ግን በዚያው ወግ መሠረት እንግዳው በልቶ ከተነሣ በኋላ የቤቱ ልጆች ወደ ገበታው ይጠራሉ። በቦሌ ጎዳና ላይ የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ልጆቹ የተጠሩት መቼ ነው?

ከአሠራሩ እንጀምር። የቅኔ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሲሰማ አስቀድሞ የሚመረምረው ቤት መምታቱን ነው። ከአዲስ አበባ ታላላቅ ጎዳናዎች ቤት የሚመታው የቸርችል ጎዳና ነው፤ ከላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ፥ ከታች ደግሞ በ1922 ዓ.ም. የተሠራው የባቡር ጣቢያ ሕንፃ ቁልቁለቱን ይዘው ይተያያሉ። ከላይ የቆመ ሰው የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ከታች የቆመውም ከየት እንደ መጣ ያያል። የቦሌ ጎዳና ግን መነሻው እጅግ ያማረ ነው። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች፥ በአጠገቡ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፥ መስከረም 16 ቀን ደመራ ሲለኮስ በዚያ የሚሰበሰበው ሕዝብ፤ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የትኛውም ድርሰት አይመኝም። መጨረሻው ግን ይህን ያህል አይመልስም። ከቀለበት መንገዱ ድልድይ በታች ሲያልፉ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የማረፊያው በርና የመኪና ማቆሚያ ነው።

ነገሩ ግን ከወዲያ በኩል ሲነበብ ሌላ ይሆናል። ከአውሮፕላን ለወረደው ሰው መጀመሪያው የማረፊያው በር ነው፤ ድልድዩን አልፎ ሕንፃዎቹ እየረዘሙ፥ ሰዉ እየበዛ ሄዶ፥ በመጨረሻው አደባባዩ ሰፊ ሆኖ ይከፈትለታል። በዚህ አቅጣጫ ሲታይ ድርሰቱ ሥርዓት አለው፤ ከፍ እያለ ሄዶ በደንብ ይዘጋል። እንግዲህ ደራሲው ብዕሩን ያነሣው በየትኛው ጫፍ ቆሞ እንደ ነበር ማስረጃ አያሻም።

የጎዳናው መካከለኛ ክፍል ሕንፃዎቹ ናቸው። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ብዙዎቹ አሮጌ ቪላዎች እየፈረሱ በስፍራቸው ባለብዙ ፎቅ የንግድ ቤቶች ተነሥተዋል። ደንበል፥ ጌቱ፥ ፍሬንድሺፕ፥ ታላቁ ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያሠራው ዓለም ሕንፃ በዚህ ዘመን የተወለዱ ናቸው። ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን በአገራቸው ላይ በማዋላቸው ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ሕንፃዎቹን እንደ ሥነ ጥበብ ስንመለከታቸው ግን አንድ ጕድለት አለባቸው፤ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። እያንዳንዱ በመድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ የራሱን ንግግር እንደሚያሰማ ተዋናይ ነው። አንዱ ወደ ፊት ሲወጣ ሌላው ወደ ኋላ ይላል፤ ያንዱ ደረጃ የእግረኛውን መንገድ ሲበላ የሌላው የመኪና መግቢያ ይቈርጠዋል።

በመስታወቱ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ በሚገኝ፥ ፀሐዩ በበጋ በሚያቃጥል ከተማ ውስጥ የሕንፃን ፊት ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ማልበስ ከየት የመጣ ልማድ እንደሆነ ለማወቅ ዐዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ፀሐይዋ እንደ ብርቅ ከምትታይባቸው አገሮች ነው። ሕንፃው ከውጭ ሲታይ ሰማዩንና ደመናውን ያንጸባርቃል፤ ውስጡ የተቀመጠው ጸሐፊ ግን ከቀትር በፊት መጋረጃውን ጋርዶ መብራት አብርቶ ይሠራል። ያ መስታወት የተሰቀለው ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚያየው ሰው አይደለም፤ በመኪና ለሚያልፈው ነው። የሚያሳዝነው ግን መስታወት እንዴት እንደሚሠራበት የሚያስተምር ምሳሌ ከመስቀል አደባባይ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ መገኘቱ ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው፥ ኢጣሊያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ያለፈውን፥ የአሁኑንና የወደፊቱን ዘመን ይናገራል። እዚያ ብርሃኑ በመስታወቱ ሲያልፍ ታሪክ ይዞ ይገባል። በቦሌ ግን ብርሃኑ ከመስታወቱ ላይ ተመልሶ የእግረኛውን ዓይን ይወጋል።

ወደ እግረኛው ከደረስን ዘንድ የትችቴ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ የእግረኞች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተቈጥሮባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም እጅግ ጨምራለች። ከዚህ ሕዝብ የዕለት ጉዞም እኩሌታው ያህል የሚፈጸመው በእግር ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰው በከተማው ስመ ጥር ጎዳና ላይ እግረኛው ዋና ባለታሪክ ሆኖ እንዲገኝ ይጠብቃል። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ጎዳናው በቻይና ተቋራጭ እንደ አዲስ ሲሠራ ግን የታሰበው ለተሽከርካሪው ፍጥነት ነበር። መስመሮቹ በዙ፥ መገናኛዎቹ ላይ ከመሬት በታች የሚያልፉ መተላለፊያዎች ተቈፈሩ፥ መኪናው ሳይቆም እንዲያልፍ ብዙ ነገር ተደረገ። እንደ ምህንድስና ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መንገዱ ከወዲህና ከወዲያ ያሉትን ሰፈሮች በመካከላቸው እንደ ወንዝ ለያቸው።

በዚያ ዘመን አንድ የታኅሣሥ ቀን፥ ሥራ ሊለቀቅ ሲል፥ ጎዳናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ሄጄበት ነበር። በወሎ ሰፈር አጠገብ ነጠላ ያጣፉ አንዲት አሮጊት ከመንገዱ ዳር ቆመው መኪናዎቹን ይመለከታሉ። «እማማ፥ ላሻግርዎት?» አልኋቸው። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ማሻገሩስ ታሻግረኛለህ፥ ማን ይመልሰኛል?» አሉኝ። ከማዶ የሚታየው የዘመዳቸው ቤት ነበር፤ ለቅሶ ሊደርሱ ነው። ስለ ቦሌ መንገድ ብዙ የባለሙያ አስተያየት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያጠረና የተሟላ ግን አልሰማሁም። እድርና ማኅበር፥ ለቅሶና ሠርግ የሰውን ኑሮ በሚያያይዙበት አገር፥ መንገድ ማቋረጥን ማስቸገር የመኪና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ሕዝቡ ዝም ብሎ ተቀብሎታል ማለት ግን አይደለም። የአሮጌ ብራና መጻሕፍት አንባብያን ከጽሑፉ ዳር ባለው ባዶ ስፍራ የራሳቸውን ማስታወሻ እንደሚጽፉ ሁሉ፥ የከተማው ሰውም በዚህ ጎዳና ዳር የራሱን ስሞች ጽፎበታል። «የአፍሪካ ጎዳና» የሚለውን ወጥ ስም ቈራርጦ ወሎ ሰፈር፥ ኦሎምፒያ፥ ፍላሚንጎ፥ ሩዋንዳ፥ ብራስ ብሎታል። አንዱ ከወሎ መጥተው የሰፈሩትን ሰዎች ያስታውሳል፤ አንዱ ከኤምባሲ፥ አንዱ ከንግድ ቤት የተወሰደ ነው። በመንግሥት መዝገብ ውስጥ የማይገኝ ሥርዓት አላቸው፤ የታክሲ ረዳቱ የሚጠራው በእነርሱ ነው፤ ቀጠሮ የሚያዘው በእነርሱ ነው፤ ተሳፋሪውም «ወራጅ አለ!» የሚለው በእነርሱ ቈጥሮ ነው። የመጽሐፉ ምዕራፎች በደራሲው አልተከፈሉም ነበርና አንባቢው ከፋፈላቸው። ከጎዳናው ሁሉ ለእኔ ሕያው ሆኖ የሚታየኝ ይህ የዳር ማስታወሻ ነው።

ጎዳናው ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ የሆነበት ጊዜም አለ። ከሲድኒ የኦሊምፒክ ውድድር በኋላ በ1993 ዓ.ም. ሯጮቻችን ሲመለሱ ከቦሌ እስከ አደባባዩ ሕዝብ በግራና በቀኝ ሞልቶ ነበር። ያን ዕለት መንገዱ የተሠራለት ጉዳይ አልተለወጠም፤ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ወደ ከተማ ይገባል፥ ይታያል፥ ይጨበጨብለታል። የተለወጠው እንግዳው ነው፤ የመጣው የቤቱ ልጅ ነበር። አስፋልቱ ላይ የቆመው ሕዝብ መኪና የሚጠብቅ መሆኑ ቀርቶ በዓል የሚያከብር ሆነ። አንድ ሥራ ደራሲው ያላሰበውን ትርጉም የመሸከም ዐቅም እንዳለው ካሳየ፥ ሥራው ከነጕድለቱ ከንቱ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህም ነው ይህን ጎዳና የምተቸው፤ ተስፋ የሌለውን ድርሰት ማን ደክሞ ያነበዋል?

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ይህንኑ ጎዳና ሦስተኛ ጊዜ አሳረመው። በዚህ እርማት ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሚዛን ይፈልጋል። አንደኛ፥ በጎዳናው ታሪክ ውስጥ እግረኛው በስሙ የተጠራበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው። የእግር መንገዱ ሰፍቶአል፤ የብስክሌት መስመር ተሠርቶለታል፤ ማታ መብራቱ ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር ወጥቶ እንዲንሸራሸር አድርጎአል። በመኪና መካከል እየተሽሎከሎከ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ቢደሰት አይፈረድበትም፤ እኔም ተደስቻለሁ። ነገር ግን ሥራውን ጠጋ ብለን ስንመለከተው የተጋበዘው እግረኛ የተወሰነ ዓይነት እግረኛ መሆኑ ይታያል። ለመንሸራሸር የወጣው ነው እንጂ ለጉዳዩ የሚሮጠው አይደለም። የሎተሪ አዟሪው፥ ሊስትሮው፥ ቆሎ ሻጯ፥ ሱቅ በደረቴው ጎዳናውን ከማለዳ እስከ ማታ ከማንም ይልቅ ያነበቡት አንባብያን ናቸው፤ በአዲሱ እትም ግን ስፍራቸው እምብዛም አይታይም። የፎቆቹም ፊት በአንድ ዓይነት ቀለም መቀባቱ፥ ማታም በመብራት መሸለሙ አሁንም ከሩቅ ለሚያይ ዓይን የተሰናዳ መሆኑን ይመሰክራል። በዚሁ ሥራ ምክንያት በሌሎች የከተማው ሰፈሮች፥ በፒያሳና በካዛንቺስ፥ ከቀድሞ ቤታቸው ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ሰዎች መኖራቸውንም ሳናስብ ስለ ውበት ብቻ ብንጽፍ ትችታችን እኩሌታ ይሆናል።

ለመሐንዲሶቹ አንድ የሙያ አስተያየት ልጨምር። የጎዳና ውበት ዋናው ጥላ ነው፤ ከሚያዝያ ፀሐይና ከነሐሴ ዝናብ የሚያስጠልል ነገር የሌለው የእግር መንገድ ቢያብረቀርቅም ሰው አይውልበትም። የተነጠፈው ድንጋይ ጥሩ ነው፤ በእርሱ ላይ ግን ቅርንጫፉ የሚሰፋ፥ ዕድሜው የሚረዝም ዛፍ ያስፈልጋል። ሣርና አበባ የሚያስጌጡት ከጉልበት በታች ያለውን ብቻ ነው። የፒያሳን አሮጌ ቤቶች ያየ ሰው ሰገነቱ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ አላፊውን ከዝናብ ሲያስጠልል ተመልክቶአል፤ ከቦሌ ሕንፃዎች ስንቱ ነው ለማያውቀው አላፊ እንዲህ ያለ ቸርነት ያደረገው?

አሁን ደግሞ ጉዳዩ የሚያስቸኩል የሆነበት ምክንያት አለ። አየር መንገዱ በቢሾፍቱ አጠገብ ታላቅ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት ተነሥቶአል። ያ ሲፈጸም ብዙው መንገደኛ በዚያ በኩል መግባቱ አይቀርም፤ ልደታ ለቦሌ እንደ ለቀቀች ቦሌም የእንግዳ ተቀባይነቱን ሥራ ለሌላ ያካፍላል። ያን ጊዜ ይህ ጎዳና ከተወለደ ጀምሮ ይደገፍበት የነበረው ምክንያት ይሳሳል። ለእንግዳ ዓይን የተሰቀለው መስታወት ማንን ያሳያል? በማዶና በማዶ ያሉት ሰፈሮች ተመልሰው ይገናኛሉ ወይስ ወንዙ እንዳለ ይቀራል? ከቢሾፍቱ የሚመጣውን አዲስ ጎዳና የሚነድፉት ሰዎችስ ብዕራቸውን የሚያነሡት በየትኛው ጫፍ ቆመው ነው? ይህን የሚወስኑት አብዛኞቹ ይህን መጽሔት ከሚያነቡ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የተቀመጡ ናቸውና፥ ፕላኑን ከመፈረማቸው በፊት መኪናቸውን አደባባዩ ላይ አቁመው እስከ ወሎ ሰፈር በእግራቸው ይሂዱ፤ ከዚያም ወደ ማዶ ይሻገሩና ይመለሱ።